ጾሜም ኮሌስትሮሌ አልወረደም፦ ችግሩ ከየት ነው?

ምልክት፦ ሥጋና ቅቤ ትተዋል፣ ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) ግን እንዳለ ነው፤ ወይም ጭራሽ ጨምሯል።

በሥነ ምግብ ምክር ሥራዬ አዘውትሮ የሚገጥመኝ ይህ ነው፤ መንስኤው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዘይቱ ነው። አንድ አባት ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ጾመው ሲመረመሩ ኤልዲኤላቸው ከ148 ወደ 163 ወጥቶ ጠበቃቸው። «ቅቤ በአፌ አልዞረም እኮ!» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር። የቤታቸውን ዘይት እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። በማግስቱ ማለዳ ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። የአዲስ አበባ ብርድ መትቶት ከወገቡ በታች እንደ ሞራ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ፓልም ነው። ፊቱ ላይ ግን በትልቁ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ይላል።

ይህ ጽሑፍ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ከዕፅዋት የተጨመቀ ዘይት ሁሉ በዚህ ስሌት «ነፃ» ነው። መጠየቅ ያለበት ሳቹሬትድ የሚባለው የሚረጋው ቅባት ስንት እንደሆነ ነው፤ ከፓልም ግማሽ ያህሉ እሱ ነው፣ ከሱፍ ዘይት ግን ከመቶ 11 ገደማ። ይህ ቅባት ሲበዛ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የመልቀም አቅሙ ይቀንሳል።

«ጀሪካኑ ለአራት ሰው ስንት ጊዜ ይቆያል?» አልኳቸው። «ቢበዛ ሁለት ሳምንት።» አብረን አሰላነው፦ ለአንድ ሰው በቀን ወደ 80 ግራም ዘይት፣ 40 ግራሙ የሚረጋ። 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ 22 ግራም ገደማ ነው።

መፍትሄ፦ ወደ ኑግ፣ ሰሊጥ ወይም ሱፍ ይቀይሩ። ከጀሪካን ወደ ድስት መገልበጥ ይቅር። ቁሌቱን በደረቁ ይጀምሩ፤ እንዳያር ውሃ ጠብ ያድርጉ፣ ዘይቱን በኋላ በሾርባ ማንኪያ ለክተው ይጨምሩ። ለአራት ሰው ወጥ 3 ወይም 4 ማንኪያ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሞቃት ከተማ ውስጥ ፓልም አይረጋም፤ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ የወይራ ዘይትም ይረጋል። ስለዚህ መለያውን ያንብቡ፤ «ፓልም ኦሌይን» ያው ፓልም ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚረጋ «የአትክልት ቅቤ» ትራንስ ፋት (ዘይት በፋብሪካ እንዲረጋ ሲደረግ የሚፈጠር ጎጂ ቅባት) ካለበት ከፓልሙም ይብሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጾም ሲፈታ በአንድ ሳምንት ክትፎና ዶሮ ወጥ የለፉበትን አያፍርሱት።

ምልክት፦ በየቀኑ ይራመዳሉ፣ ኤልዲኤል ግን ንቅንቅ አላለም።

እንቅስቃሴ በደንብ የሚያወርደው ትራይግሊሰራይድን (በደም ውስጥ ያለ ሌላ ቅባት) ነው፤ ኤችዲኤልን (ጥሩ የሚባለውን ኮሌስትሮል) ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ኤልዲኤል ላይ ግን ብቻውን ጉልበቱ አነስተኛ ነው። አይተዉት፤ ዘይቱን አብረው ያስተካክሉ። ፈጠን ያለ እርምጃ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን። ደረትዎን ጭምቅ ካደረገዎት ወዲያው ያቁሙና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ምልክት፦ ትራይግሊሰራይድ ብቻ ከፍ ብሏል። አልኮልና ስኳር ይቀንሱ፤ ስኳር በሽታም ይመርመሩ።

ምልክት፦ ኤልዲኤል 190 እና ከዚያ በላይ፣ በቤተሰብም በለጋ ዕድሜው ልቡን የታመመ አለ። የዘር ሊሆን ይችላል፤ ምግብ ብቻውን አይበቃውም፣ ልጆችዎም ይመርመሩ። የታይሮይድ መድከምም ኤልዲኤልን ስለሚያወጣ ያስመርምሩት።

ምልክት፦ ኤልዲኤል በስታቲን (ኮሌስትሮል በሚያወርድ ክኒን) ወርዶ ነበር፣ ተመልሶ ወጣ። ጾም ሲገባ ክኒኑን የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። እባካችሁ አታቁሙ! በጾም ሰዓት መዋጥ ካልፈለጉ ወደ ማታ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ዘይት ከቀየሩ በኋላ 8 ሳምንት ሳይሞላ አይመርመሩ። እኚያ አባት በ12ኛው ሳምንት ሲመጡ 131 ነበሩ፤ ባለ 5 ሊትሩ አሁን ከአንድ ወር በላይ ይቆያቸዋል።