ግሌዝ ተቀብቶ ጭረቱ ሲመለስ

አጥቦ ማድረቁን ታውቃላችሁ ብዬ ወደ ዋናው፣ ወደ ግሌዝ (ቀለሙ እንዲያብረቀርቅ የሚቀባው ቅባት) ልግባ።

ችግር፦ ከግሌዝ በኋላ መስታወት የመሰለች መኪና ሁለት ሦስቴ ስትታጠብ ጭረቷ ሁሉ ተመለሰ።

በብዛት የሚመጣልኝ ይሄ ነው፤ በተለይ ጥቁር መኪና ላይ።

ምክንያት፦ ጭረቱ መጀመሪያም የትም አልሄደም። ግሌዝ በአብዛኛው ዘይትና ደቃቅ መሙያ ነው። ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን) ላይ ያለውን ቀጭን ጭረት ይሞላል፤ ዓይን ይሸወዳል። ላቫጆ ገብታ በዱቄት ሳሙና ስትፈተግ መሙያው ታጥቦ ይሄዳል። ክረምት ላይ ጭቃው እጥበት ስለሚያበዛ ይብሳል።

አንዱ ደንበኛ ጥቁር ቪትዝ በደላላ ገዛ። ያያት ማታ፣ በመንገድ መብራት ነው። ላቫጆ አስገብቷት ስትወጣ «ቧጨራችሁብኝ» ብሎ ከአጣቢ ልጆቹ ጋር ተያያዘ። ይዟት መጣ። ልጆቹ በደንብ ያልደረሱበትን ጣሪያውን በአልኮል ጠረግኩለት። ያው ጭረት ከሥር ብቅ አለ። ልጆቹ ያነሱት ግሌዙን ነው። ደላላ ግሌዝን ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል! ስለዚህ መኪና የምትገዙ ሰዎች፣ ቀን፣ ፀሐይ ላይ፣ ታጥባ እዩ።

መፍትሄ፦ የፋርማሲውን 70 ፐርሰንት አልኮል በሁለት እጥፍ ውሃ በርዙና ላሜራውን ጥረጉ። አዲስ የተቀባ ቀለም ላይ ግን አታድርጉት። በስልክ ባትሪ አብርታችሁ እውነተኛውን ጭረት እዩ። ጥፍር የሚይዘውን ተዉት፤ ግሌዝ አያድነውም። የቀረውን በማሽን ፖሊሽ አድርጉ፤ ፖሊሽ እንደ ግሌዝ አይሞላም፣ ክሊሩን በስሱ ይፍቃል። ከለስላሳ ፓድና ከለስላሳ ፖሊሽ ጀምሩ፣ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩ፣ ካልበቃ ብቻ ጠንከር በሉ። የፋብሪካ ክሊር ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ደጋግሞ መፋቅ አይችልም። ጠርዝ ላይ ማሽን አታቁሙ። መንገድ ዳር የተቀባ፣ ስቱኮ የተሞላ በር ላይ ደግሞ እጥፍ ተጠንቀቁ። ከዚያ ግሌዙን በስሱ ቀቡ፣ በላዩ ዋክስ (ሰም)። ዋክስ ከሌለበት ግሌዙ አይቆይም። ሴራሚክ (ጠንካራ መከላከያ ሽፋን) ለማስቀባት ካሰባችሁ ግሌዙን ጨርሶ እርሱት፤ ዘይት ላይ ሴራሚክ አይይዝም።

ጨርቁ ማይክሮፋይበር ይሁን። አሮጌ ሸሚዝ ከነቁልፉ ይዞ የሚጠርግ ሰው አይቻለሁ። ከዚያ «ጭረት ከየት መጣ?» ይላል።

ችግር፦ ሲጠረግ ይጎትታል፣ ደመና ይሠራል።

ወይ በዝቷል፣ ወይ ላሜራው ግሏል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ አትታለሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐዩ ይበረታል፤ እኩለ ቀን ቸርችል ጎዳና ዳር የቆመች መኪና ኮፈኗ እጅ አያስነካም። ጥላ ውስጥ አስገቧት፣ ትቀዝቅዝ። ደመናው ላይ ጠብታ ግሌዝ ጨምራችሁ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ።

ችግር፦ ጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ቀረ።

በለስላሳ ብሩሽና በተበረዘው አልኮል ይለቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ቴፕ ለጥፉ።

ችግር፦ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ያዘ።

ክሊር የሌለው የድሮ ቮልስ ከሆነ አትደንግጡ። የሞተው የላይኛው ቀለም ነው የሚለቀው፤ የግሌዙ ዘይትም ለደረቀው ቀለም ደግ ነው። ዘመናዊ መኪና ላይ ግን ወይ ክሊሩ አልቋል፣ ወይ ድጋሚ ስትቀባ ክሊር አልተጨመረባትም። ማሽኑን አጥፉ። ክሊሩ ካለቀ ቀለም ቀቢ ጋ ውሰዷት።