ከአልጋ እስከ ቀዶ ሕክምና በር፦ ታማሚን እንዴት በደህና እናድርስ?

ደሴ ላይ አንድ ሰው ኦፕራሲዮን ሊሆን ነው ከተባለ ዘመድ ጎረቤቱ ግቢውን ይሞላዋል። ስትሬቸሩ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ልግፋ ብሎ ይሻማል። ደግነት ነው፣ ግን ሁለት አስታማሚ ይበቃል። ነርስ ወይም ሌላ ባለሙያ አብሯችሁ ከሌለ ንቅንቅ አትበሉ።

መጀመሪያ ስም። ነርሷ ስምና ኦፕራሲዮን የሚደረገውን የሰውነት ክፍል ስትጠይቅ ታማሚዋ ራሷ ትመልስ፤ "ግራ ጉልበቴ" የሚለው ከእሷ አፍ ይውጣ እንጂ እናንተ አትቅደሙ። ካርዱ፣ ራጁና የተፈረመው የስምምነት ወረቀት አብሮ ይሂድ። ቀለበት፣ ሀብል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይውለቅ። ከወሎ ሴት እጅ ሂና አይጠፋም፤ እሱንም ለነርሷ ንገሯት፣ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በተለይ ጥቁር ሂና ካለ ሊሳሳት ይችላል። አክስት በድብቅ አጥሚት አቅምሳ ከሆነም አሁኑኑ ይነገር! በማደንዘዣ ጊዜ ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ከዚያ የነርሷ ቁጣ ይሻላል።

እኔ ከሁሉ የምፈራው ከአልጋ ወደ ስትሬቸር ማዛወሩን ነው። ስትሬቸሩን ከአልጋው ጋር አጋጥሙ፣ ቁመታቸውን አስተካክሉ፣ የሁለቱንም ፍሬን ያዙ፣ ከዚያ ገፋ አድርጋችሁ መያዙን እዩ። በብብት አንጠልጥሎ መጎተት የለም። ከሥሯ ያለውን አንሶላ ከግራና ከቀኝ ጠቅልላችሁ ጨብጡ፣ አንድ ሰው ብቻ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ይበል፣ እኩል ሳቡ። የጎን ብረቱን ወዲያው አንሱት።

የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ትልበስ። ጫፉን ግን ከሥሯ ወትፉት። አንድ ጊዜ እህቴን ስንወስድ የጋቢዋ ጫፍ ጎማው ላይ ተጠምጥሞ ስትሬቸሩ ቀጥ አለ፤ እሷ ወደፊት ተንሸራተተች፣ እኛ ደርቀን ቀረን።

ሜዳ ላይ እግሯ ይቅደም። ዳገት ስትወጡ አዙሩና ጭንቅላቷ ይቅደም፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እግሯ፤ ራስ ምንጊዜም ከፍ እንዲል ነው። ከራስጌ የሚገፋው ፊቷን እያየ ይሂድ፤ ፊቷ ከተለወጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ቆሞ ለባለሙያው ይናገር። ግሉኮሱ ከፍ ብሎ ይሰቀል። የሽንት ከረጢቱ ከፊኛዋ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ሆዷ ላይ አይጣል። ኮሪደር ላይ "ይማርሽ" የሚል አይጠፋም፤ አሜን በሉና ቀጥሉ።

በሩ ላይ ፍሬን ያዙ፣ ወረቀቱን ለሚቀበሏት ባለሙያዎች አስረክቡ። ጋቢውን ተቀብላችሁ ታቅፋችሁ ጠብቁ፤ ከማደንዘዣ የነቃ ሰው ብዙ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ዋርድ ስትመለስ ትፈልገዋለች።