የደረቀ የካዲስፍላይ ሆድ አልጠራ ሲላችሁ

አራት ቀን በልቶብኛል። ሌላ ሰው እንዳይለፋ ልጻፈው።

ካዲስፍላይ የእሳት እራት የሚመስል በራሪ ነው፤ እጭ ሳለ ውኃ ውስጥ ይኖራል፣ ብዙዎቹም ከአሸዋና ከጭራሮ ቤት ይሠራሉ። እኔ የያዝኩት ከጎጃም ወንዝ ዳር ተይዞ ሙዚየም ውስጥ በስፒል ተወግቶ የኖረ ወንድ ነው። ያለው እሱ ብቻ ነው። አዲስ ዝርያ ነው ለማለት የሆዱ ጫፍ ላይ ያለውን የመራቢያ አካል ማየት ግድ ነው፤ ሆዱ ግን ተጨማዶ ከሰል መስሏል።

ውስጡ ያለው ሥጋ ለቅቆ እንዲጠራ ሆዱን ነጥዬ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ (ሥጋን የሚያሟሟ ኬሚካል) ውስጥ አሳደርኩት። ምንም። ማሞቅ ፈራሁ፤ እሱ ከጠፋ ምትክ የለውማ! ግልገል ዓባይ ዳር ማታ በመብራት የያዝኳቸውን ተራ ካዲስፍላዮች አድርቄ ማሞቁን ሞከርኩባቸው። ስስ ቆዳቸው ሟሟ፣ የቀረውም እንደ መስታወት ነጥቶ ጠርዙ አይታይም።

የሠራው ላክቲክ አሲድ ነው፣ 85 በመቶው። መጀመሪያ ሆዱን በውኃ አጠብኩት፣ ከዚያ አሲዱ ውስጥ ከትቼ 125 ዲግሪ ላይ፣ በየ10 ደቂቃው እያየሁ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆየሁት። የላላውን ሥጋ በኢንሱሊን መርፌ ውኃ ቀስ ብዬ እየገፋሁ አወጣሁ። የተጨማደደውም ተነፋ።

ሥዕሉን ስስል ደግሞ ሆዱ ግሊሰሪን ውስጥ እየተንከባለለ አስቸገረኝ። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል ጠብ አድርጌ እሱ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከላይ አልኮል። ቀጥ አለ! አሁን ሆዱ ግሊሰሪን ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ገብቶ፣ ብልቃጧ እዚያው ስፒል ላይ ተሰክታለች።