የውጭ በርና ራውተር ቢት፦ ችግሩ ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይስተካከላል?

ራውተር ስል ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ሳይሆን እንጨት የሚቦረቡረውን ነው። ቢት ደግሞ እሱ ላይ የሚገጠመው የሚሽከረከር ስለት ነው። የመጀመሪያውን የውጭ በሬን የሠራሁት ለቁምሳጥን በገዛሁት ቢት ነበር። ሲያልቅ ዓይን ይስባል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የታችኛው አግዳሚ ከቋሚው ተላቆ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ወጣ። ዝናብ በዚያ ይገባ ጀመር። እኔ ጥፋቱ የኮላው መስሎኝ ኮላ ሻጩን ሳማ ከረምኩ። ለካ ጥፋቱ የእኔው የቢት ምርጫ ነው።

መጋጠሚያው ይላቀቃል

የቁምሳጥን በር ቢቶች የተሠሩት ከ18 እስከ 22 ሚሊ ለሚወፍር ጣውላ ነው። የሚያወጡት ምላስ፣ ማለትም ከአግዳሚው ጫፍ ወጥቶ ቋሚው ላይ ያለው ጎድጎድ ውስጥ የሚገባው፣ 10 ሚሊ ቢሆን ነው። የውጭ በር ግን በተለምዶ 44 ሚሊ ይወፍራል። ክብደቱን ይዞ ማጠፊያው ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፣ ነፋስ ያላጋዋል፣ ሰው በእግሩ ይገፋዋል። ያቺ አጭር ምላስ ይህን ሁሉ አትችልም።

ስለዚህ ቢት ከመግዛታችሁ በፊት የበሩን ውፍረት ለኩ። ለዚያ ውፍረት የተሠራ የሁለት ቢት ስብስብ ምረጡ፤ አንዱ ረጅሙን ጠርዝ፣ ሌላው የአግዳሚውን ጫፍ ይቆርጣል። እሱም ቢሆን ጌጡን እንጂ ጥንካሬውን አይሰጣችሁም። ጥንካሬው የሚመጣው ከረጅም የወንድና ሴት መጋጠሚያ ነው። እኔ የምወደው መንገድ በቋሚውም በአግዳሚውም ላይ ቀዳዳ ቆፍሮ ለብቻው የተላገ ጣውላ በኮላ መሰካት ነው። የመጋጠሚያው ውፍረት የበሩን አንድ ሦስተኛ ያህል ይሁን፤ ለ44 ሚሊ በር ከ12 እስከ 15 ሚሊ ማለት ነው። ለቀዳዳው ጠመዝማዛ ቢት ተጠቀሙ፣ ፍቅፋቂውን ወደ ላይ የሚያወጣውን ዓይነት። ቀጥ ያለው ቢት ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ በራሱ ፍቅፋቂ ይታፈናል። በአንድ ጊዜ ከ5 ወይም 6 ሚሊ በላይ አትውረዱ። ኮላው ውሃ የሚቋቋም መሆን እንዳለበት ሳልናገር አላልፍም፤ ሻጩን ካማሁ በኋላ የተማርኩት ነው።

ቢቱ ይንቀጠቀጣል፣ የተቆረጠው ገጽ ማዕበል ይመስላል

አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ፣ ማለትም ራውተሩ መያዣ ውስጥ የሚገባው የቢቱ እግር፣ ቀጭን ስለሆነ ነው። 6 ሚሊ ዘንግ ያለው ትልቅ ቢት ወፍራም እንጨት ውስጥ ሲገባ ይተጣጠፋል። ለውጭ በር 12 ሚሊ ወይም 12.7 ሚሊ ዘንግ ያለውን ያዙ። እነዚህ ሁለቱ በዓይን ይመሳሰላሉ እንጂ አንዱ የሌላው መያዣ ውስጥ በትክክል አይያዝም። በግድ አጥብቃችሁት ከሠራችሁ መሃል ላይ ይፈታል።

ዘንጉ ትክክል ሆኖ አሁንም ከተንቀጠቀጠ አገባቡን እዩ። ዘንጉን እስከ ታች ገፍታችሁ ከ2 እስከ 3 ሚሊ መልሱትና አጥብቁ። የታችኛውን ወለል ከነካ መያዣው በደንብ አይጨብጠውም።

እንጨቱ ይቃጠላል

ቡናማ ጭረት ወጥቶ የጭስ ሽታ ከመጣ ፍጥነቱን ተመልከቱ። 80 ሚሊ ስፋት ያለው ቢት በደቂቃ 24,000 ዙር ቢሽከረከር ጠርዙ በሰከንድ 100 ሜትር ይበራል። ይህ ማቃጠል ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቢት ከ10,000 እስከ 12,000 ዙር በቂ ነው፤ ቢቱ ላይ የተጻፈውን ጣሪያ ደግሞ በፍጹም አትለፉ። ትልልቅ ቢቶች ጠረጴዛ ላይ በተገጠመ ራውተር እንጂ በእጅ አይሞከሩም።

ፍጥነቱ ደህና ከሆነ እጃችሁ የት ጋ እንደቆመ አስታውሱ። የተቃጠለው ቦታ አንድ ላይ ብቻ ከሆነ እዚያ ጋ ቆም ብላችኋል ማለት ነው። ጭረቱ ቀጭንና ቀጥ ያለ ሆኖ ጠርዙን ከያዘ ደግሞ ቢቱ ላይ ያለው፣ እንጨቱን ተደግፎ የሚሄደው ኩሽኔታ ተጣብቆ ከቢቱ ጋር እየዞረ ነው። ቀይሩት፤ ዋጋው ከቢቱ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሁሉም ደህና ሆኖ ካቃጠለ ቢቱ ደንዟል፣ ወይም የእንጨት ሙጫ ለብሷል። ሙጫውን አስለቅቃችሁ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉ። ሲሳል የሚነካው ጠፍጣፋው የፊት ገጽ ብቻ ነው። የውጭውን ጎን ከነካችሁ የቢቱ ስፋትና ቅርጽ ይበላሻል።

የአግዳሚው ጫፍ ይሰነጠቃል

ይህ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። የአግዳሚውን ጫፍ ቀድማችሁ፣ ከኋላው ቁራጭ ጣውላ ደግፋችሁ ቁረጡ። ረጅሙን ጠርዝ በኋላ ስትሠሩት ትንሽ የተሰነጠቀ ነገር ቢኖር አብሮ ይነሳል። እንጨቱን የምትገፉት ከቢቱ ሽክርክሪት በተቃራኒ ይሁን። ከሽክርክሪቱ ጋር ከገፋችሁት ቢቱ እንጨቱን ከእጃችሁ ይነጥቃል።

ገጽና ገጽ አይገጥምም

አግዳሚው ከቋሚው ግማሽ ሚሊ ከፍ ካለ የሁለተኛው ቢት ከፍታ አልተስተካከለም፣ አለዚያ አንዱን ጣውላ ገልብጣችሁታል። ሁሉንም የፊት ገጻቸውን ወደ ታች አድርጋችሁ ቁረጡ። ከፍታውን የምታስተካክሉት እኩል ውፍረት ባለው ቁራጭ እየሞከራችሁ ነው። የተሳካውን ቁራጭ አትጣሉት፤ ለቀጣዩ በር መለኪያ ይሆናል። ምላሱ ከላላ ወይም ከጠበቀ በምላጮቹ መካከል ያለውን ስስ ሮንዴላ መጨመር ወይም መቀነስ ነው።

ፓኔሉ ያብጣል፣ ውሃ ከታች ይገባል

ፓኔሉ፣ ማለትም በቋሚዎቹና በአግዳሚዎቹ መካከል የሚገባው ሰፊ ጣውላ፣ እርጥበት ሲያገኝ በስፋቱ ይለጠጣል። በየጎኑ 3 ሚሊ ያህል ክፍተት ተዉለት፣ ኮላም አትቀቡት። ከበሩ ግርጌ በስተውጭ ለምትገጥሙት የዝናብ መመለሻ ደግሞ ከሥሩ፣ ከፊት ጠርዙ ትንሽ ገባ አድርጋችሁ፣ ክብ አፍ ባለው ቢት ከ6 እስከ 8 ሚሊ የሚሰፋ ቦይ ቆፍሩ። ወደ ውስጥ እየሄደች የነበረችው ጠብታ ቦዩ ጋ ስትደርስ ተቆርጣ ትወድቃለች።