የጎንደር ሲኒማ ቤት ሠራተኞችን የጥልያን ዘመን ታሪክ እንዴት እንሰብስብ?

በጎንደር የሲኒማ ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ፒያሳ ላይ ጥልያን ካቆመው ሕንፃ ነው፤ መቅደም ያለበት ግን ሰዉ ነው፣ ሕንፃው ቢዘገዩበትም አይሄድም። በ1934 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ዘጠናን አልፏል። ስለዚህ ተናጋሪዎችዎ በአብዛኛው የሠራተኞቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ይሆናሉና፣ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውንና ከአባቱ የሰማውን ገና ሲጽፉ ለየብቻ ያስፍሩ።

ቀን ሲጠይቁ የአዲስ አበባን አቆጣጠር ይዘው አይሂዱ። ጎንደር የተያዘችው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም የጣሊያኑ ጄኔራል የጉልዬልሞ ናሲ ጦር እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ድረስ እዚህ ቆይቷል። በመሆኑም «ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ከማለት ይልቅ «እንግሊዝ በአውሮፕላን መደብደብ ሳይጀምር ነው ወይስ ከጀመረ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ስለ ፊልሞቹ አርእስት ብዙ አይድከሙ። ጥያቄው ስለ ሥራው ይሁን፦ ቲኬት ማን ይቆርጥ ነበር፣ የፊልም ማሳያውን መኪና (ፕሮጀክተሩን) የሚያሠራውን ጣሊያናዊ ማን ይረዳው ነበር፣ ደመወዝ በምን ገንዘብ ይከፈል ነበር። የፋሽስቱ አስተዳደር ነጩንና ሐበሻውን በሕግ ይለይ ስለነበር፣ ማን በየትኛው በር እንደሚገባና የት እንደሚቀመጥ በተለይ ይጠይቁ፤ እኔ እንደማምነው የዘመኑን ኑሮ ከዚህ የበለጠ የሚገልጥ ጥያቄ የለም።

አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ለጥልያን መሥራት ባንዳነት ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ቤተሰቡ የአባቱን ሥራ ሊሸሽግ ይችላል። «እትዬ፣ አባትዎ ምን ይሠሩ ነበር?» ብለው ይጀምሩ እንጂ ፍርድ ያዘለ ቃል አያስቀድሙ፤ ያለ ፈቃዳቸውም ስም አያውጡ። ወንበር የጠረገና ወገኑን የጠቆመ በአንድ ስም መጠራታቸው ራሱ ሊመረመር የሚገባው ነው።

የጣሊያን መንግሥት በ1924 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ሉቼ የተባለ የፊልም ተቋም በምሥራቅ አፍሪካ ያነሣቸው ፊልሞች ዛሬ በኢንተርኔት ይገኛሉ። የተነሡት ለፕሮፓጋንዳ ስለሆነ ስለ ሕዝቡ ስሜት ምስክር አይሆኑም፤ ይሁን እንጂ ምስሎቹን ለሽማግሌዎች ማሳየት የተረሳ ስምና ሰፈር ያስታውሳል። በሕንፃዎችና በወረቀቶች ላይ የሚታየው የሮማ ቁጥር ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. የሚቆጠር የፋሽስት ዘመን ነውና፣ 14ኛው ዓመት ሲል ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 እ.ኤ.አ. ማለቱ ነው።

አሮጌ የፊልም ጥቅል ቢያገኙ በማሳያ መኪና አያስኪዱት። በዚያ ዘመን የነበረው ናይትሬት ፊልም በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ከተቀጣጠለም ውኃ ውስጥ ቢነክሩት እንኳ አይጠፋም። ከእሳትና ከሙቀት አርቀው፣ ከመኖሪያ ቤት አውጥተው ባለሙያ እስኪያየው ያቆዩት። የቀዱትን ድምፅ በተመለከተ ደግሞ አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ፣ ሌላውን ከፈቀዱ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስረክቡ።