ዘይት የሚያፈስ የአሮጌ መኪና ሞተር ይቀየር ወይስ ይጠገን? እንዴት መወሰን ይቻላል

ጎንደር ውስጥ መኪናው ባደረበት ቦታ የዘይት ጠብታ ያየ ሰው ወደ ጋራዥ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ሞተሩ አልቋል፣ ቀይረው» የሚለውን ፍርድ ነው። ነገር ግን ማፍሰስና ማለቅ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ሞተር የሚያፈሰው ጋስኬቱ (በሁለት ክፍሎች መጋጠሚያ ላይ ያለው ማሸጊያ) ወይም ኦይል ሲሉ (በሚዞር ዘንግ ዙሪያ ዘይቱን የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ሲደክም ሲሆን፣ አለቀ የሚባለው ግን የፒስተን ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት)፣ ሲሊንደሩ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ክፍል) ወይም ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ማረፊያ) ሲበላ ነው። ስለዚህ ውሳኔው መሬት ላይ በሚታየው ዘይት ሳይሆን በሞተሩ የውስጥ ጤና ላይ ሊመሠረት ይገባል።

በመጀመሪያ ሞተሩን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጥበው በደንብ ያድርቁት። የቆሸሸ ሞተር ከየት እንደሚያፈስ መለየት አይቻልም፤ መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ እየገፋ፣ ክብደቱም ወደ ታች እየሳበው ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ስለሚያረጥበው ጥፋቱ ሁሉ የኮፓው ይመስላል። ካጠቡ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩት። ጠዋት ላይ ጠብታውን ብቻ ሳይሆን፣ በእጅ ባትሪ እያበሩ ከሁሉም ከፍ ብሎና ወደ ፊት ቀድሞ የረጠበውን ቦታ ይፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ምንጩ እሱ ነው። ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ሥር ከሆነ ጥገናው ቀላል ነው። ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሚጋጠሙበት ቦታ ከሆነ ግን የኋላው ኦይል ሲል ሊሆን ስለሚችል ካምቢዮውን ማውረድ ይጠይቃል፤ ሲሉ ራሱ ርካሽ ሲሆን ውድ የሚያደርገው የእጅ ዋጋው ነው።

ቀጥሎ ብዙዎች የሚዘነጉትን የሞተር መተንፈሻ ቱቦ ይመልከቱ። ይህ ቱቦ ሲደፈን በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ግፊት መውጫ ስለሚያጣ ደህናውን ሲል ሳይቀር እየገፋ ዘይቱን ያስወጣዋል። የቤተሰባችን አሮጌ ኮሮላ ሞተር እንዲቀየርለት ተወስኖበት ሳለ ቱቦውን ፈትተን ስናየው እንደ ሬንጅ በጠጠረ ጥቁር ዝቃጭ ተደፍኖ ነበር። በነጭ ጋዝ አጥበን መለስነው፣ የቴስታታውን ክዳን ጋስኬት ቀየርን፤ ካርቶኑም ከዚያ በኋላ ደረቅ ሆኖ አደረ። ያን ጊዜ ለሞተር ግዢ የተሰበሰበውን ገንዘብ ሳስብ፣ ይህን ምርመራ ሳያደርግ ማንም ሞተር እንዳይገዛ ከልቤ እመክራለሁ።

ሦስተኛው እርምጃ ጭሱን መመልከት ሲሆን፣ ለዚህም ከከተማው ወደ አዘዞ የሚወስደው ቁልቁለት ጥሩ መፈተኛ ነው። ነዳጁን ለቀው በማርሽ እየያዙ ይውረዱና ከታች ነዳጅ ሲረግጡ ከኋላ የሚከተል ሰው ይመልከትልዎ። ያን ጊዜ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ቦግ ብሎ ከጠፋ፣ የሚጠረጠረው የቫልቩ (ወደ ሲሊንደሩ አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው መዝጊያ) ሲል ነው፤ ይህ ደግሞ ሞተር አያስቀይርም። ወደ ከተማው ሲመለሱ ዳገቱን በሙሉ ሰማያዊ ጭስ እየተከተለዎት ከወጣ ግን ፋሻው ሳይበላ አልቀረም።

ጥርጣሬው ከጸና ኮምፕሬሽኑን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ያስለኩ። ካንዴላዎቹ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት) ይፈታሉ፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሞተሩ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ሲዞር የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ይነበባል። እዚህ ላይ ለጎንደር ሰው የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያነሰ ነው። የመኪናው መመሪያ 180 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ) የሚል ከሆነ እዚህ 140 አካባቢ ማንበብ ጤናማ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ይመልከቱ፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ እምብዛም መብለጥ የለበትም። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ሲለካ ግፊቱ ከጨመረ ጥፋቱ የፋሻው ነው፤ ካልጨመረ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጋስኬት ነው።

ዘይት በ1,000 ኪሎ ሜትር ከ1 ሊትር በታች የሚበላ፣ የማያንኳኳና ግፊቱ ተቀራራቢ የሆነ ሞተር ሲሉና ጋስኬቱ ተቀይሮለት ሊቀጥል ይገባዋል። ብሮንዚናው የሚያንኳኳ ወይም ሲሊንደሩ የተበላ ከሆነ፣ ሞተሩን አውርዶ ለማደስ የሚወጣውን የቶርኖ ቤት (የብረት መቅረጫ)፣ የዕቃና የእጅ ዋጋ ከሌላ ሞተር ዋጋ ጋር አስተያይተው ይወስኑ። ብሎኩ (ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ ዋና አካል) ከተሰነጠቀ ግን መቀየር ይሻላል። የመኪናው አካል በዝገት ካለቀ በመጠገኑም ሆነ በመቀየሩ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አያዋጣም።

መቀየር ግድ ከሆነ ተመሳሳይ ዓይነት ሞተር ይፈልጉ፤ ልዩ ዓይነት ከሆነ መያዣው፣ ካምቢዮውና የኤሌክትሪክ ገመዱ ሁሉ ሌላ ወጪ ያመጣል። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬ ላይ የተጻፈ በመሆኑ ከመግዛትዎ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት ቢሮ ጠይቀው፣ የጉምሩክ ሰነድና ደረሰኝ ያለውን ብቻ ይግዙ። ያገለገለ ሞተር ከሆነ ከመገጠሙ በፊት የኋላውን ኦይል ሲል ያስቀይሩ፤ ከተገጠመ በኋላ ማፍሰስ ቢጀምር ካምቢዮውን እንደገና ማውረድ ይጠይቃል።