የቤት ኔትወርክና ሰርቨር ሲዘረጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፎቶዎቻቸውንና ሰነዶቻቸውን በራሳቸው ሰርቨር፣ ማለትም ሁልጊዜ በርቶ ለሌሎች መሣሪያዎች ፋይል በሚያቀርብ ኮምፒውተር፣ ላይ ለማኖር የሚነሱ ሰዎች ገንዘባቸውን ቀድመው የሚያፈሱት ዓይን በሚሞላ ዕቃ ላይ ነው፤ ባለ ብዙ አንቴና ራውተር፣ ጉልበተኛ ፕሮሰሰር፣ ትልልቅ ዲስክ። ጉዳት የሚያደርሰው ግን ብዙውን ጊዜ ማንም የማያየው ነገር ነው፤ ጫፉ በደንብ ያልተያዘ ሽቦ፣ ሳይታሰብ የተከፈተ ፖርት (ከኔትወርክ ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያስገባ በር)፣ አንድም ቀን ተከፍቶ ያልተሞከረ መጠባበቂያ ቅጂ።

ሳይለኩ መግዛት

ፍጥነት ቀነሰ ሲባል ችግሩ ከውጭ በሚገባው መስመር፣ በቤቱ ኬብል፣ በዋይፋዩ ወይም በሰርቨሩ ዲስክ ላይ ሊሆን ይችላል። ለይቶ ማወቅ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ይለኩ፣ ከዚያ በዋይፋይ ይድገሙት። በቤቱ ውስጥ ባሉ ሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ያለውን ፍጥነት ደግሞ አይፐርፍ በተባለው ነጻ ፕሮግራም መለካት ይቻላል።

ፋይል ወደ ሰርቨሩ ሲገለበጥ ፍጥነቱ በሴኮንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ላይ ተቸንክሮ ከቀረ፣ ዲስኩን ከመቀየርዎ በፊት ኬብሉን ይመርምሩ፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ ይህ የ100 ሜጋቢት መስመር ጣሪያ ነው። የ1 ጊጋቢት ግንኙነት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን ስምንቱንም ሽቦዎች ይፈልጋል፤ ለ100 ሜጋቢት ግን አራቱ ይበቃሉ። ከቀሩት አራት አንዷ ከተበጠሰች መሣሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ስህተት አለ ብለው አያስጠነቅቁም፤ ዝም ብለው ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳሉ። ጤነኛ የጊጋቢት መስመር በሴኮንድ 110 ሜጋባይት አካባቢ ስለሚሰጥ ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። ስንት ሰው በአንዲት ሽቦ ምክንያት ሙሉ ሰርቨር እንደቀየረ ሳስበው ያሳዝነኛል።

በኬብል ላይ መቆጠብ

ራውተር በየጊዜው ይቀየራል፤ በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ኬብል ግን እዚያው ይኖራል። ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ የአልሙኒየም ኬብል አይግዙ። በቀላሉ ይሰበራል፤ በዚያው ኬብል ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ካሜራ ካለዎት ደግሞ ከመዳቡ ይልቅ ይግላል። ከኬብል ደረጃዎቹ ካት 5ኢ 1 ጊጋቢትን እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ካት 6 ለ10 ጊጋቢት እስከ 55 ሜትር ድረስ ያገለግላል፤ ካት 6ኤ 10 ጊጋቢትን ሙሉውን 100 ሜትር ይወስዳል። ለአብዛኛው ቤት ካት 6 በቂ ነው። ዋናው ነገር ግድግዳው አንዴ ሲከፈት በአንድ ፈንታ ሁለት ኬብል ማሳለፍ ነው።

ከቦታቸው የማይነቃነቁትን ቴሌቪዥንና ሰርቨር በዋይፋይ ማገናኘትም ያው ስህተት ነው። እነሱ በኬብል ሲሄዱ አየሩ ለስልኮች ይለቀቃል።

ራውተሩ ይዞት የመጣውን የአድራሻ ክልል እንዳለ መተው

ራውተሩ በቤቱ ላለ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የቁጥር አድራሻ ይሰጣል፤ ብዙ ራውተሮች 192.168.0 ወይም 192.168.1 ብሎ የሚጀምር የአድራሻ ክልል ይዘው ይመጣሉ። ከሌላ ቦታ ሆነው በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተቆለፈ የግል መስመር) ወደ ቤትዎ ሲገቡ ያሉበት ኔትወርክም ያንኑ ክልል የሚጠቀም ከሆነ፣ ኮምፒውተርዎ ሰርቨሩን እዚያው አጠገቡ ይፈልገዋል እንጂ በቪፒኤኑ በኩል አይሄድም። ገና መሣሪያ ሳይበዛ ብዙም የማይገጥም ክልል፣ ለምሳሌ 10.37.20 ብሎ የሚጀምር፣ ቢመርጡ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል።

ለእያንዳንዱ አገልግሎት ፖርት መክፈት

በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በኢንተርኔት ላይ የተከፈተ ፖርት የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ቀንና ሌሊት ይዞራሉ፤ የእርስዎ ቤት ትንሽ ስለሆነ የሚያልፉት አይደለም። ለፎቶ አንድ፣ ለፊልም አንድ፣ ለካሜራ አንድ እየተባለ የሚከፈተው እያንዳንዱ ፖርት የዚያን ፕሮግራም የወደፊት ጉድለት ሁሉ ለውጭ ሰው ያጋልጣል። ለቤተሰብ ብቻ የሚያስፈልገውን ከቪፒኤን ጀርባ ያድርጉት። ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን አንድ ፖርት ብቻ ይበቃዋል፤ ትክክለኛ ቁልፍ ለሌለው ደግሞ ጨርሶ መልስ ስለማይሰጥ በር መኖሩም አይታወቅም። መሣሪያዎች ራሳቸው ፖርት እንዲያስከፍቱ የሚፈቅደውን ዩፒኤንፒ የተባለ የራውተር አማራጭም ያጥፉት።

ብዙዎችን የሚያታልል አንድ ነገር አለ። ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬደው ዶከር የኮንቴይነርን ፖርት ወደ ውጭ ሲያወጣ የራሱን ሕግ በቀጥታ በሊኑክስ ፋየርዎል (የኔትወርክ ገቢና ወጪን በሚቆጣጠረው ጠባቂ) ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ ዩኤፍደብሊው በተባለው የፋየርዎል ማስተካከያ ፕሮግራም ዘግቼዋለሁ ያሉት ፖርት ክፍት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መፍትሔው ፖርቱን 127.0.0.1 ከሚለው፣ ከሰርቨሩ ከራሱ ብቻ ከሚደረስበት አድራሻ ጋር ብቻ ማሰር ነው፤ ከዚያ በኋላም ከሌላ ኮምፒውተር ሆነው በርግጥ መዘጋቱን ይፈትሹ።

የቤቱን ሁሉ ዲኤንኤስ በአንድ ሰርቨር ላይ መጫን

ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጥ አገልግሎት ነው፤ በራስ ሰርቨር ላይ መጫኑ ማስታወቂያ ለማገድ ተብሎ የሚደረግ ነው። ሰርቨሩ ለጥገና ሲጠፋ ግን ለቤተሰቡ ኢንተርኔት ጠፋ ማለት ነው። ሁለተኛ ዲኤንኤስ በሌላ ትንሽ መሣሪያ ላይ ያቁሙ።

ሬይድን እንደ መጠባበቂያ ቅጂ መቁጠር

ሬይድ፣ ማለትም መረጃን በአንድ ጊዜ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዲስኮች ላይ የማኖር ዘዴ፣ የሚያድነው ዲስክ ሲሞት ነው። በስህተት የተሰረዘ አልበም ከሁለቱም ዲስኮች በአንድ ቅጽበት ይጠፋል፤ ቫይረስ የቆለፈው ፋይልም እንዲሁ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚለው የቆየ ደንብ ዛሬም የሚሻለው አልተገኘም። ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ ፕሮግራሞች መረጃቸውን የሚያስቀምጡባቸውን የዳታቤዝ ፋይሎች እንዳሉ መገልበጥም አይበቃም፤ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነ፣ የማይከፈት ቅጂ ሊያወጡ ይችላሉ። ዳታቤዙ ራሱ ያለውን፣ መረጃውን ወደ ፋይል የሚያወጣ ትእዛዝ ይጠቀሙ፤ ፖስትግሬስ ለተባለው ዳታቤዝ ፒጂደምፕ ነው። ፖስትግሬስን ወደ አዲስ ዋና ስሪት ሲያሳድጉም ያ የወጣ ፋይል ይጠቅምዎታል፤ አዲሱ ስሪት የአሮጌውን ማኅደር እንዳለ አንብቦ አይነሳም።

በየተወሰነ ጊዜ አንድ ፎልደር ከቅጂው ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሰው ይክፈቱት። ያን ሲያደርጉ የቅጂው የይለፍ ቃል የት እንዳለም ይታያል። የይለፍ ቃል መያዣው በዚያው ሰርቨር ላይ ከሆነ፣ ሰርቨሩ በሞተበት ቀን ቅጂውን የሚከፍት ነገር በእጅዎ አይኖርም። በወረቀት ጽፈው ከሰርቨሩ ርቆ በሚገኝ ቦታ ያስቀምጡት፤ በቤቱ ውስጥም ሌላ አንድ ሰው ቦታውን ይወቅ።